ኮዱ ከመቶ ሺ አለፍ ብሎ ለምን ቀጥ አለ? የኮላትዝን ድርድር በኮድ ስለማውጣት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። የኮላትዝን ችግር በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩት። ከ1 እስከ 1 ሚሊዮን ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በስንት እርምጃ 1 ላይ እንደሚደርስ እንዲዘረዝርልኝ ነው። እስከ መቶ ሺ ድረስ ደህና ይሄዳል። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ቀጥ ይላል። ኤረር የለም፣ አይዘጋም፣ ሌሊቱን ትቼው ባድርም ያው ነው። በዚያ ላይ የኔ ዝርዝር 1፣ 2፣ 8፣ 3፣ 6፣ 9 ብሎ ይጀምራል። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ግን 0፣ 1፣ 7፣ 2፣ 5፣ 8 ይላል። የቱ ነው ልክ? መሪጌታ የሆኑት አጎቴ ደግሞ ሕጉን ሳስረዳቸው «ይሄማ የአበቅቴ ዘመድ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው? ሌሎች እንዲህ ያሉ ችግሮችንም መሞከር ስለምፈልግ ኮዴን እንዴት ብጽፈው እንደሚሻል ንገሩኝ።

መልስ፦ ኮድሽን አላየሁትም። የቆመበትን ቁጥር ግን ልንገርሽ፦ 113383 ነው።

እንዴት እንዳወቅኩ ከማስረዳቴ በፊት፣ ነገሩ አዲስ ለሆነባቸው ሕጉን ላስታውስ። አንድ አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር ይወሰዳል። ተጋማሽ ከሆነ በ2 ይካፈላል። ኢ-ተጋማሽ ከሆነ በ3 ተባዝቶ 1 ይጨመርበታል። በወጣው ቁጥር ላይ ያው ይደገማል። ከ3 ቢጀመር 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ይሆናል። ችግሩ የሚጠራው በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በሎታር ኮላትዝ ስም ነው፤ የተነሳውም በ1937 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ከየትኛውም ቁጥር ብንነሳ መጨረሻው 1 ነው ወይ? እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። ዴቪድ ባሪና የተባለ ተመራማሪ እስከ 2 ኃይል 68 ያሉትን ቁጥሮች በኮምፒዩተር ፈትሾ ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አንድም ያፈነገጠ አላገኘም። በኮምፒዩተር መፈተሽ ግን በሒሳብ ማረጋገጥ አይደለም።

ትንንሽ ቁጥሮች በዚህ ሕግ ያታልላሉ። 26 በ10 እርምጃ ያልቃል። ጎረቤቱ 27 ግን 111 እርምጃ ይሄዳል፣ መሃል ላይም እስከ 9232 ይወጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ሸዋ ሮቢት ለመውረድ መጀመሪያ ጣርማበርን መውጣት ግድ እንደሆነው፣ እዚህም ወደ 1 ለመውረድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሽቅብ ነው። ያንቺ ችግር የመጣው ከዚህ ሽቅብ ነው።

በሲ ፕላስ ፕላስ ቁጥሩን «ኢንት» (የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ብለሽ አውጀሽዋል ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ኢንት 32 ቢት ነው። ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው። ከ113383 በፊት ያሉት መነሻዎች በሙሉ ከዚህ ጣሪያ በታች ሆነው ይጨርሳሉ። 113383 ግን በጉዞው 827370449 ላይ ይደርሳል። ይሄ ኢ-ተጋማሽ ነው። በ3 ሲባዛና 1 ሲጨመርበት 2482111348 ይሆናል። ጣሪያው ተጣሰ። ኦቨርፍሎው የሚባለው ይሄ ነው። የቋንቋው ደንብ «እዚህ ላይ ምን እንደሚሆን ዋስትና አልሰጥም» ነው የሚለው። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ቁጥሩ ዞሮ -1812855948 መሆኑ ነው።

አንዴ አሉታዊ ከሆነ ሕጉ ራሱ አይመልሰውም። አሉታዊን በ2 ማካፈልም ሆነ በ3 አባዝቶ 1 መጨመር አሉታዊ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ የት እንደሚዞር የሚወስነው ኢ-ተጋማሽነትን የፈተሽሽበት መንገድ ነው። «ለ2 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽ ከሆነ ሌላ ጉድ አለ። በሲ ፕላስ ፕላስ የአሉታዊ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ቀሪ -1 ስለሆነ ኮዱ ሁሉንም አሉታዊ እንደ ተጋማሽ ይቆጥራል። ስለዚህ እያካፈለ እያካፈለ 0 ላይ ይደርሳል፣ እዚያው 0 ላይ ይቀራል። «ቀሪው 0 ነው ወይ?» ብለሽ ከሆነ ደግሞ አሉታዊው ዓለም የራሱ ቀለበቶች አሉት። ለምሳሌ ከ-5 ወደ -14፣ ወደ -7፣ ወደ -20፣ ወደ -10፣ ተመልሶ -5። በሁለቱም መንገድ 1 አይመጣም። ሉፑም፣ ማለትም የሚደጋገመው የኮድ ክፍል፣ «1 እስኪሆን» እያለ ይጠብቃል። ኤረር ያላየሽው ለዚህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ አልቆመም፣ ሥራ ላይ ነው።

መፍትሔው የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ 64 ቢት የሆነ ዓይነት ተጠቀሚ፣ «ሎንግ ሎንግ» ማለት ነው። ከ1 ሚሊዮን በታች ካሉት መነሻዎች ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚወጣው 704511 ነው። ጫፉ 56991483520 ነው፣ ማለትም ወደ 57 ቢሊዮን ገደማ። 64 ቢት ይህን እንደ ቀልድ ይይዘዋል። ፓይተን ላይ የራሱ ኢንቲጀር ስለማይሞላ ይሄ ችግር የለም፤ ነገር ግን ነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ከገባ ያው የ64 ቢት ጣሪያ ይመለሳል፣ ሲጣስም ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ከ2 ኃይል 53 በኋላ ቁጥሮችን ማጠጋጋት ይጀምራል። ይሄኛው ይብሳል፤ አይቆምም፣ የተሳሳተ መልስ ይዞ ይቀጥላል እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሸወድበት። የቆመበትን ቁጥር ስክሪን ላይ ስታዪ ከ113383 ያነሰ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ የሚያትመውን አጠራቅሞ በየጊዜው ነው የሚለቀው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻ መስመር ችግሩ ያለበት መስመር ነው ብለሽ አትመኚ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ የቱ ነው ልክ? ሁለቱም። ያንቺ ኮድ የሚቆጥረው በመንገዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ነው፣ መነሻውንም 1ንም ጨምሮ። ለ3 ስምንት ቁጥሮች አሉ። ኢንተርኔት ላይ ያየሽው የሚቆጥረው በቁጥሮቹ መሃል ያሉትን እርምጃዎች ነው። እነሱ ሰባት ናቸው። ሦስተኛ ቆጠራም አለ። ኢ-ተጋማሽ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ሁልጊዜ ተጋማሽ ስለሚወጣ፣ ማካፈሉን እዚያው አያይዘው ሁለቱን እንደ አንድ እርምጃ የሚቆጥሩ አሉ። በዚህ አቆጣጠር 3 በ5 እርምጃ ያልቃል። 27 ደግሞ በመጀመሪያው 112፣ በሁለተኛው 111፣ በሦስተኛው 70 ይሆናል።

ኒል ስሎን በ1964 እ.ኤ.አ. የቁጥር ድርድሮችን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ስብስቡ ከ1996 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ኦኢአይኤስ ይባላል። እዚያ 0፣ 1፣ 7፣ 2 የሚለው ኤ006577 ተብሎ ተመዝግቧል። ያንቺ 1፣ 2፣ 8፣ 3ም ኤ008908 ተብሎ አለ። እንግዲህ ከማንም ዝርዝር ጋር ከማነጻጸርሽ በፊት «ምንድን ነው የቆጠርኩት?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። 1 ራሱም ፈተና ነው። ከመራመድሽ በፊት «ደርሻለሁ ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ለ1 መልሱ 0 ነው። ተራምደሽ ከጠየቅሽ ግን 4፣ 2፣ 1 ዞሮ 3 ይሆናል። ሉፑ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚፈትሸው የሚለው እዚህ ልዩነት ያመጣል።

የመሪጌታ ነገር ደግሞ ደስ ብሎኛል። በከፊል እውነታቸውን ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር ከዓመት ዓመት 11 ይጨምራል፣ 30 ሲሞላ 30ው ይገደፋል። ወንበር (ዓመቱ በ19 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ) 0 ከሆነበት ዓመት ብትነሺ እንዲህ ይሄዳል፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18። 19 ዓመት ሞላ፤ ከዚያ ተመልሶ 0። ሕግ አለ፣ ይደገማል፣ ድርድር ይወጣል። እስከዚህ ዘመድ ነው።

ግን የመጨረሻዋን እርምጃ እዪ። 18 ላይ 11 ሲደመር 29 ነው፣ 0 አይደለም። ስለዚህ «ያለፈውን ያዝ፣ 11 ደምር፣ 30 ግደፍ» የሚል ሉፕ ብትጽፊ 19 ዓመት ልክ ይሄድና ሃያኛው ላይ በአንድ ይሳሳታል። ከዚያም በየ19 ዓመቱ ስሕተቱ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። ሊቃውንቱ እዚህ ወጥመድ ውስጥ አይገቡም፤ ምክንያቱም ካለፈው ዓመት አይነሱም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ዓመተ ዓለምን ያገኛሉ። እሱን ለ19 ያካፍላሉ። ከቀሪው አንዱን ለዘመን ይተዋሉ፣ የተረፈው ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት አበቅቴ፣ በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉት ደግሞ የአበቅቴ ጓደኛ የሆነው ቁጥር፣ መጥቅዕ፣ ይወጣል። የ2017ን እንሥራ። 7517 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው። ወንበር 11። 121 በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1። 209 በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30፣ እንደ ደንቡ።

ኮድ ላይ ስታወርጂው ደግሞ የ2005 ዓ.ም. ጉድጓድ አለ። 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከ0 ላይ አንድ ሲቀነስ -1 ይመጣል። ትክክለኛው ወንበር 18፣ አበቅቴውም 18 ነው። -1ን በ11 አባዝተሽ ለ30 ስታካፍይ ፓይተን 19 ይልሻል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ -11። ሁለቱም ስሕተት። ፓይተን የሰጠው በአንድ ብቻ ስለሚለይ ደግሞ በዓይን አይያዝም። አንዱን ከማካፈልሽ በፊት ቀንሺ፤ 7504 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 18 ይሆናል፣ ነገሩ አለቀ።

ዝምድናው የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። አበቅቴን ለመቶ ዓመት በኋላ ለማወቅ መሃል ያሉትን ዓመታት መቁጠር አያስፈልግም፣ በቀጥታ ይሰላል። ለኮላትዝ እንዲህ ያለ የታወቀ ቀመር የለም። 27 ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ ለማወቅ መራመድ ነው።

ኮዱን እንዴት ልጻፈው ላልሽው፣ አንድ ምክር ብቻ ብሰጥሽ ይሄ ነው፦ ሕጉን ከጥያቄው ለዪ። ሕጉ «ከዚህ ቁጥር በኋላ የትኛው ይመጣል?» ይላል። ጥያቄው «በመንገዱ ላይ ምን ልመዝግብ?» ይላል። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን አንድ ሉፕ ውስጥ ይጠቀልሏቸዋል። ከዚያ ጥያቄው በተቀየረ ቁጥር ሕጉንም አብረው ይነካካሉ። በአማርኛ ብጽፈው እንዲህ ነው፦

ፋንክሽን ቀጣይ(ሀ)፦
  ሀ ተጋማሽ ከሆነ መልስ ሀ ÷ 2
  ካልሆነ መልስ 3 × ሀ + 1

ፋንክሽን እርምጃ(ሀ)፦
  ቆጠራ = 0
  ሀ 1 እስካልሆነ ድረስ፦
    ሀ = ቀጣይ(ሀ)
    ቆጠራ = ቆጠራ + 1
  መልስ ቆጠራ

«ቀጣይ» አንዴ ከተጻፈ በኋላ አይነካም። ከሱ ብዙ ድርድር ይወጣል። እርምጃ ብትቆጥሪ አንድ፣ የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ብትመዘግቢ ሌላ፣ ኢ-ተጋማሾቹን ብቻ ብትቆጥሪ ሌላ። ለ27 ኢ-ተጋማሾቹ ላይ የተደረጉት እርምጃዎች 41፣ ማካፈሎቹ 70 ናቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው የሪከርድ ድርድሩን ነው፤ ከሱ በፊት ካሉት ሁሉ የበለጠ እርምጃ የሚሄዱ መነሻዎች ማለት ነው። 1፣ 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 9፣ 18፣ 25፣ 27፣ 54፣ 73፣ 97 እያለ ይሄዳል። እዚህ ላይ «ይበልጣል» እና «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ድርድሮች ይሰጣሉ። 18 እና 19 ሁለቱም በ20 እርምጃ ነው የሚያልቁት። እኩልን ካስገባሽ 19ም ሪከርድ ውስጥ ይገባል።

ሌላ ችግር ስትሞክሪ ደግሞ «ቀጣይ»ን ብቻ ትቀይሪያለሽ። የአሃዞቹን ካሬ ደምሪ ብትዪው የደስተኛ ቁጥሮች ችግር ይሆናል። 7 ወደ 49፣ 97፣ 130፣ 10፣ 1 ይሄዳል። 1 ላይ የማይደርሱት ሁሉ 4፣ 16፣ 37፣ 58፣ 89፣ 145፣ 42፣ 20 በሚል ቀለበት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ «1 እስኪሆን» የሚለው ሉፕ እዚህ ገና በ2 ላይ ይቀረቀራል። ያየሻቸውን ቁጥሮች መዝግበሽ፣ አንዱ ሲደገም አቁሚ። ቁጥሩን ገልብጠሽ ከራሱ ጋር ደምሪ ብትዪው ደግሞ ግራና ቀኙ አንድ የሆነ ቁጥር የመፈለግ ችግር ይሆናል። 89 በ24 እርምጃ 8813200023188 ላይ ይደርሳል። 196 ግን እስካሁን ደርሶ የታየበት የለም፣ አይደርስም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ቁጥሩ እያደገ ብቻ ስለሚሄድ ድግግሞሽ መጠበቅ አያዋጣም፤ የእርምጃ ጣሪያ ማበጀት ነው። ጣሪያው ላይ ከደረሰ ኮድሽ «አይደርስም» ብሎ አይጻፍ። «በዚህን ያህል እርምጃ አልደረሰም» ይበል። ደረሰ፣ ዞረ፣ አልታወቀም፤ እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ኮላትዝ ላይም ጣሪያ አድርጊ። አድርገሽ ቢሆን ኖሮ ኮዱ በ113383 ላይ ራሱ ይጮህልሽ ነበር።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። እስከ 1 ሚሊዮን ዝም ብሎ ቢራመድ በጠቅላላው ወደ 131 ሚሊዮን እርምጃ ነው። ለሲ ፕላስ ፕላስ ምንም አይደለም፣ ለፓይተን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሳጠሪያው እንዲህ ነው። ከታች ወደ ላይ እየሠራሽ ስለምትሄጂ፣ ጉዞው ከመነሻው በታች በወረደ ቅጽበት የቀረውን መልስ ታውቂዋለሽ።

ሰንጠረዥ[1] = 0
ከ2 እስከ 1000000 ለእያንዳንዱ መነሻ፦
  ሀ = መነሻ
  ቆጠራ = 0
  ሀ ከመነሻ እስካላነሰ ድረስ፦
    ሀ = ቀጣይ(ሀ)
    ቆጠራ = ቆጠራ + 1
  ሰንጠረዥ[መነሻ] = ቆጠራ + ሰንጠረዥ[ሀ]

ተጋማሾቹ፣ ማለትም ግማሹ ያህል፣ በአንድ እርምጃ ከራሳቸው በታች ይወርዳሉ። ለ4 ሲካፈሉ 1 የሚቀራቸው ደግሞ፣ ከ1 በቀር፣ በሦስት እርምጃ። ሦስት አራተኛው ሥራ እንዲህ በቀላሉ አለቀ። በመንገድ ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ሁሉ ዲክሽነሪ ውስጥ የማስቀመጥ ሐሳብ ይመጣልሽ ይሆናል። ተዪው፤ ቢሊዮኖቹም እየገቡ ሜሞሪ ይበላሉ፣ ብዙዎቹም ተመልሰው አይጠየቁም። የሚሊዮን ቦታ ሰንጠረዥ፣ በቦታ 4 ባይት ብንል፣ 4 ሜጋባይት ነው። ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል። ከፍተኛውን ቁጥር የሚመዘግብ ሰንጠረዥ ስትሠሪ ግን የመጨረሻው መስመር መደመር አይሆንም፤ እስካሁን ካየሽው ጫፍና ከሰንጠረዡ ጫፍ የሚበልጠውን መውሰድ ነው።

ኢንቱን ቀይረሽ ስታስኬጂው በነዚህ ፈትሺው። በእርምጃ ቆጠራ 27 ላይ 111፣ 97 ላይ 118፣ 871 ላይ 178፣ 6171 ላይ 261 መውጣት አለበት። ከ1 ሚሊዮን በታች ረጅሙ 837799 ነው፣ በ524 እርምጃ። ሁሉም በአንድ በልጦ ከመጣ ቁጥሮቹን ነው የቆጠርሽው፣ ችግር የለውም። 837799 ብቻ ከተበላሸ ግን አንድ ቦታ ላይ ኢንት ቀርቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው «ቀጣይ» የሚመልሰው ዓይነት ነው፤ ቫሪያብሉ ሎንግ ሎንግ ሆኖ ፋንክሽኑ ኢንት ሲመልስ። ያኔም ካልተስተካከለ «ቀጣይ»ንና የሉፑን መስመር ብቻ ቆርጠሽ ላኪልኝ።